በግ በቤተሰብ ውስጥ፦ ድካሙ የማን ነው? ትርፉስ የማን?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)






 

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ቡና ብዙ ተነግሯል። ተገቢም ነው። ያዮን አገር ያወቃት በቡናዋ ነው። ደናችንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘገብ ምክንያቱ ይኸው በጥላ ሥር በተፈጥሮ የሚበቅለው ቡና ነበር። እኔ ግን የተሰጠችኝን ጥቂት ደቂቃ ስለ በግ ለመናገር እጠቀምባታለሁ። ስለ በግ ብቻ ሳይሆን በጉን ስለሚያረባው ቤተሰብ ጭምር ነው የምናገረው።

ምክንያቴ ይህ ነው። በየሩብ ዓመቱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ በምንልከው የሪፖርት ቅጽ ላይ የበጎች ብዛት፣ የተከተቡ፣ የሞቱ፣ የተሸጡ እያልን የምንሞላው ዓምድ አለ። ግልገሉን ከዝናብ አስገብታ በምድጃ ዳር ስታሞቅ ያደረችው እናት፣ በጎቹን ሲጠብቅ ከትምህርት ገበታው የቀረው ልጅ፣ ጅብ በረቱን እንዳይጥስ እንቅልፉን ያጣው አባት የሚመዘገቡበት ዓምድ ግን የለም። ዛሬ የምናገረው በቅጹ ላይ ስለሌለው ስለዚያ ዓምድ ነው።

በግ የቡና ጠባቂ ነው

በያዮ አንድ ቤተሰብ በግ የሚያረባው ቡና ስለሌለው አይደለም። ቡናው እንዲጠቅመው ነው። ነገሩን ላብራራ።

የቡና ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ይገባል። ያ ገንዘብ ልብስ፣ የቤት ክዳን፣ ብድር ክፍያና ድግስ እየተባለ ሰኔ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ያልቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ በእኛ አካባቢ ዝናቡ የማያባራበት፣ በቆሎው ያልደረሰበት፣ ጎተራው የሚሳሳበት ወቅት ነው። በዚሁ ላይ መስከረም ሲጠባ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል። በዚህ ጊዜ እጁ ባዶ የሆነ ቤተሰብ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ከአራጣ አበዳሪ መበደር ነው። ሁለተኛው ገና በዛፍ ላይ ያለውን ቡና በርካሽ ዋጋ አስቀድሞ መሸጥ ነው። ሦስተኛው ከበረት አንድ በግ አውጥቶ ገበያ መውሰድ ነው።

በጉን የሸጠ ሰው ቡናውን አስከበረ ማለት ነው። ቡናውን በነሐሴ ያስያዘ ሰው ግን በኅዳር ለማኅበሩ የሚያስረክበው ነገር አይኖረውም። የደከመበት ምርት ለሌላ ሰው ጎተራ ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ የቸገረው ሰው ቡናው ቀይ እስኪሆን መታገሥ አይችልም። አረንጓዴውን ከቀዩ ደባልቆ ይለቅማል፣ ጥራቱም ይወድቃል። ስለዚህ በረት ውስጥ ያሉት ጥቂት በጎች ቀይ እሸት ቡና ለመረከብ ለሚጠብቀው ማኅበራችንም አጋር ናቸው። ዩኒየኑ የቡና ጥራት ሲል የአባሉን በረት ጭምር ማየት አለበት የምለው ከዚህ በመነሣት ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አምስት እናት በጎች ያሉት ቤተሰብ እንውሰድ። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ያህል ነው። በሚገባ ከተያዘች አንዲት እናት በግ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። በእኛ ምዕራብ ኢትዮጵያ ማለትም በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በጅማ የሚገኘው የሆሮ በግ ደግሞ በሰውነቱ ግዝፈት፣ በረጅም ላቱና መንታ በመውለድ የታወቀ ነው። አምስቱ እናቶች በሁለት ዓመት 15 ጊዜ ቢወልዱና ከዚህ ውስጥ አምስቱ መንታ ቢሆኑ 20 ግልገል ይገኛል። ከእነዚህ አምስቱ ቢሞቱ 15 ይቀራሉ። ሦስት ሴቶችን ለመተኪያ ብናስቀር 12 ለገበያ ይደርሳሉ። ግማሾቹ ቢሞቱ ግን 10 ብቻ ይቀሩና ለገበያ የሚደርሱት ሰባት ይሆናሉ። ልዩነቱ አምስት በግ ነው። በያዮ ከተማ ወይም በመቱ ክፍል ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ወላጅ፣ አምስት በግ ልጁ ትምህርቱን መቀጠሉንና ማቋረጡን የሚወስን ነገር ነው። ይህ ልዩነት የሚመጣውም ብዙ በግ ከመግዛት ሳይሆን የተወለደውን ከማሳደግ ነው።

የማይታየው ድካም

ይሁን እንጂ የተወለደውን ማሳደግ በቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። የሚያውቀው የሠራው ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ዝናቡ ነው። አገራችን ለምለም ነች፣ ሣሩ አይጠፋም። ነገር ግን ያው እርጥበት በሽታንም ያለመልማል። ረግረግ ላይ የሚግጡ በጎች የጉበት ትል ይይዛቸዋል። ጭቃ ላይ የሚያድሩት ሰኮናቸው ይበሰብሳል። ብርድና እርጥበት የመታው ግልገል በሳንባ ምች በአንድ ሌሊት ይሞታል። ስለዚህ በክረምት እናት በግ በሌሊት ስትወልድ የቤቱ ሰው ሁሉ ይነሣል። ግልገሉን ማድረቅ፣ በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንገሩን እንዲጠባ መርዳት፣ መንታ ከሆኑ ደካማውን ለብቻ ማጥባት ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ነች። ያቺው ሴት ከንጋት በፊት ውኃ ልትቀዳ ትወርዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ በረቱን ትጠርጋለች፣ በለቀማ ወራትም ከባሏ እኩል ቡና ትለቅማለች።

ሁለተኛው ፈተና አውሬ ነው። ደን አጠገብ መኖር ደስታም መከራም አለው። ሌሊት ጅብ፣ ቀን ቀበሮ፣ አልፎ አልፎም ነብር አለ። ዝንጀሮው ደግሞ በቆሎውን ይጨርሳል። ስለሆነም ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ሁለት ዘብ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ለማሳው፣ አንዱ ለበጎቹ። አባት ሌሊት በማማ ላይ ያድራል። ቀን ደግሞ ሕፃናቱ ይሰማራሉ። መስከረምና ጥቅምት ትምህርት የሚጀመርበት ወቅት ነው። ያው ወቅት በቆሎው የሚደርስበት፣ የቡናው ለቀማ የሚጀመርበትም ነው። እንግዲህ መምህሩ ልጁን ይፈልጋል፣ ማሳው ልጁን ይፈልጋል፣ በጉም ልጁን ይፈልጋል። ልጁ ግን አንድ ነው።

በዚህ ረገድ ወላጆችን መውቀስ አልፈልግም። በምዞርባቸው ቀበሌዎች ልጁ እንዳይማር የሚፈልግ ወላጅ አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝ አማራጭ ያጣ ወላጅ ነው። አንድ አባት በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ በጉ የሚሸጠው ለልጁ ደብተር ነው፤ ልጁ ደግሞ ከትምህርት የሚቀረው በጉን ለመጠበቅ ነው፤ ታዲያ የቱን ልያዝ? ሲሉ ጠይቀውን ነበር። ይህ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ለሁላችንም የቀረበ ነው። መልሱ በአንድ ቤት አቅም ስለማይገኝም ወደ ማኅበር ይወስደናል። ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ፈተና ጤና ነው፤ የበጉ ብቻ ሳይሆን የሰውም። አውሬ በመፍራት በጎች ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት ጥቂት አይደለም። ፍራቻው እውነት ነው። ነገር ግን ሽንቱና ፋንድያው የሚያመጣው እርጥበት፣ ቁንጫና መጥፎ አየር በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ከውርጃ በሽታዎችም ወደ ሰው የሚተላለፉ አሉ። ስለዚህ ያስወረደችን በግ፣ እንግዴ ልጁንም ሆነ የወጣውን ጽንስ በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጨርሶ መቅረብ የለባትም። የታረደ በግ ጭንቅላትና የሆድ ዕቃም ለውሻ አይጣል። በጉን እያዞረ የሚጥለው አዙሪት የሚባለው በሽታ ከውሻ ኮሶ ትል የሚመጣ ነውና የተጣለው ተመልሶ ወደ በረታችን ይመጣል። ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ የተሠራ፣ ግድግዳው ጠንካራ፣ ከቤቱ ጎን የተጠጋ ጉረኖ የሚፈጀው እንጨትና ጉልበት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ሁለት ቀን ደቦ ከተወጣ ይጠናቀቃል።

በጉ የማን ነው?

የተከበራችሁ አባላት፤ አሁን የምናገረው ጉዳይ ትንሽ ይከብዳል፤ ነገር ግን በበዓል ቀን እውነት መነጋገር ጥሩ ነው።

አባቶቻችን ሐንዱራ የሚሉት ባህል አላቸው። ልጅ ሲወለድ ከወላጅ ከብት ይሰየምለታል። ያ ከብት የልጁ ነው፤ የወለደውም የልጁ ነው። በዛሬው ኑሮ ጊደር መስጠት የማይችል ቤተሰብ አንዲት ቄብ በግ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ባህል ሕፃኑን ባለሀብት ብቻ ሳይሆን ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ያደርገዋል። የእኔ የምትለው በግ ያለችው ልጅ ሳትታዘዝ ሣር ታጭዳለች። ነገር ግን ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ገበያ የምትወጣው የማን በግ ነች? ብዙ ጊዜ የልጁ ወይም የሚስቲቱ ነች። ከወላጆቿ ቤት ይዛ የመጣችው፣ በእቁብ ገንዘቧ የገዛችው፣ በርቢ ተቀብላ ያሳደገቻት በግ ሳትጠየቅ ትሸጣለች። ገንዘቡም ቤት ሳይደርስ የሚያልቅበት ጊዜ አለ።

የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ መስፈሩ ስንት ክርክር እንዳስቀረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በግ ደብተር የላትም። ደብተር ባይኖራትም ምክክር ሊኖር ይገባል። ይህን የምለው ለፍትሕ ስል ብቻ አይደለም፤ ለርባታውም ስል ነው። በጓ ስትሸጥ ያልተጠየቀች ሴት በሚቀጥለው ክረምት በእኩለ ሌሊት ተነሥታ ግልገል የምታሞቅበት ምክንያት ይጠፋባታል። ከልጁ የተወሰደችው በግ ካልተተካች፣ ልጁ ሁለተኛ በግ ማርባት አይወድም። ባልና ሚስት ተማክረው የሚሸጡበት ቤት ግን መቼ እንደሚሸጥ፣ የትኛው እንደሚሸጥ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ይታወቃል። በረቱም አይራቆትም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተና ያለ ጾታ ልዩነት ለሁሉም ክፍት መሆኑ በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 147 የተደነገገ መርሕ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. በተተካበት አዋጅ ቁጥር 985ም ጸንቶ ቆይቷል። ሆኖም በማኅበር ስብሰባዎቻችን ላይ እናቶች ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጠው ይታያሉ። በበግ ጉዳይ ግን በጓ መቼ እንደወለደች፣ የትኛዋ እናት ወተት እንዳላት፣ የትኛዋ ግልገሏን እንደምትገፋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ባለሙያው ከኋላ ተቀምጦ ስብሰባው ከፊት ቢካሄድ ውሳኔው ጎደሎ ይሆናል።

ምርጡን ሸጠን ደካማውን ስናስቀር

ሌላው ችግር ከገበያ ጋር የተያያዘ ነው። ፋሲካ፣ መስቀልና አረፋ ሲመጣ ነጋዴ በረታችንን ይጎበኛል። ዓይኑ የሚያርፈው በፍጥነት ባደገው፣ ደረቱ በሰፋው፣ ላቱ በወፈረው ጠቦት ላይ ነው። እኛም እሱን እንሸጣለን። በረት የሚቀረው ማንም ያልፈለገው ቀጫጫ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ግልገሎች አባት የሚሆነውም እሱ ነው። በየዓመቱ ምርጡን ከአገር እያስወጣን፣ ደካማውን ለዘር እያስቀረን ዝርያው ወረደ ብለን እናማርራለን። ከዚያም በላይ ያው አውራ ለዓመታት በአንድ በረት ሲቆይ የገዛ ልጆቹን ያጠቃል። ግልገሎቹም እያነሱ ይሄዳሉ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ በአገራችን ተሞክሯል። በ2001 ዓ.ም. ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ከሌሎች ተቋማትና ከአገራችን የምርምር ማዕከላት ጋር በመሆን በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ መንደር አርቢዎች ይሰባሰባሉ። ጠቦቶች ሳይሸጡ በስድስት ወራቸው ይመዘናሉ። የእናታቸው ታሪክ፣ መንታ መውለዷና ማሳደጓም ይታያል። ከዚያ አርቢዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ኮሚቴዎች ምርጦቹን ለአውራነት ያስቀራሉ፤ አውራው በመንደሩ ተራ በተራ ያገለግላል፤ ጊዜው ሲያበቃም ይሸጣል። የቀሩት ጠቦቶች ይሰነጋሉ ወይም ለገበያ ይውላሉ። በቦንጋ ይህ ሥራ በአርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ፣ የተመረጡ አውራዎችን ለሌሎች አካባቢዎች እስከ መሸጥ ደርሷል።

ቦንጋ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። የከፋና የያዮ የቡና ደኖች በዩኔስኮ የተመዘገቡት በአንድ ላይ ነው። በደን ልማት ወንድማማች ከሆንን፣ በበግስ ለምን ከወንድሞቻችን አንማርም? የሆሮ በግ ደግሞ የራሳችን ዘር ነው። ከውጭ የሚመጣ ዝርያ ሳንጠብቅ ያለንን መምረጥ እንችላለን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

አባቶች ሲተርቱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። የእኛም የክትባት ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። በጎች ማሳል፣ ማስቀመጥ፣ ዓይናቸውና አፍንጫቸው ማዝ ሲጀምር ነው ወደ እንስሳት ጤና ኬላ የምንሮጠው። የበጎችና ፍየሎች ደስታ መሰል በሽታ ከገባ በኋላ ክትባት የታመመውን አያድንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ይህ ክትባት የሚመረተው በአገራችን በቢሾፍቱ ከተማ ነው። ከዚያ እስከ ያዮ ድረስ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መምጣት አለበት። አንድ ጠርሙስ ለብዙ በጎች የሚበቃ ሲሆን፣ አንዴ ከተበጠበጠ በዚያው ቀን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ አለዚያ ይጣላል። ቴክኒሻኑ ተራራውን ወጥቶ ወርዶ አሥር በግ ብቻ ቢያገኝ የቀረው መድኃኒት ይባክናል። ስለዚህ የክትባት ጉዳይ ከመድኃኒት እጥረት እኩል የመሰባሰብ ጉዳይ ነው። ሰው መሰብሰብ ደግሞ የማኅበር ሥራ ነው። ማኅበሩ ቀን ቆርጦ፣ ቦታ ወስኖ፣ አባላቱን አስጠንቅቆ ቢጠብቅ አንድ ሙያተኛ በግማሽ ቀን የአንድ መንደርን በግ ሊጨርስ ይችላል።

አይቻልም የሚል ካለ፣ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱትን የቀንድ ከብት ደስታ በሽታ ያስብ። አገር ያራቆተው ያ በሽታ በክትባትና በክትትል ከኢትዮጵያ መጥፋቱ በ2000 ዓ.ም. ተረጋገጠ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ጠፋ ተባለ። አሁንም የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የበጎችንና የፍየሎችን ደስታ መሰል በሽታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት ዕቅድ ይዘዋል። የዕቅዱ ፍጻሜ የሚወሰነው ግን በእያንዳንዳችን በረት ነው።

በረከቱ

ይህን ሁሉ ችግር ስዘረዝር በግ ማርባት መከራ ብቻ ነው ያልኩ እንዳይመስልባችሁ። በረከቱ ባይበልጥ ኖሮ ሰው ሁሉ በተወው ነበር።

በግ የድሃ ባንክ ነው ይባላል። እኔ ግን ከባንክም ይሻላል እላለሁ፤ እሑድም፣ በዓልም፣ ሌሊትም ክፍት ነው። ልጅ ታሞ መኪና መከራየት ሲያስፈልግ የሚደርሰው እሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት አያሳፍርም። የሠርጉ፣ የክርስትናው፣ የአረፋው፣ የእርቁ ማድመቂያ ነው። አንዲት እናት በግ በርቢ የሰጠ ጎረቤት፣ ምንም ያልነበረውን ወጣት ጎጆ ወጪ ከነበረት አደረገው። በርቢ የተሳሰሩ ቤተሰቦች ደግሞ በዓይነ ቁራኛ አይተያዩም፤ ለአንዱ በግ ሁለት ቤት ይጸልያል።

ፋንድያው ሌላ ሀብት ነው። የበሰለ የበግ ፍግ ለቡና ችግኝ አፈር ማዘጋጃ፣ ለጓሮ ጎመንና ለእንሰት የሚሰጠውን ጥቅም ያየ ሰው በረቱን ሲጠርግ አያማርርም። ከሁሉም በላይ ግን በግ ቤተሰብን በአንድ ላይ ያሠራል። ሕፃኑ ይቆጥራል፣ ልጅቱ ሣር ታመጣለች፣ እናት ታስታምማለች፣ አባት በረት ያጥራል፣ አያት ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይናገራል። ግልገሎች ሲመሽ በግቢው ሲዘሉ ያየ፣ የቀኑ ድካም እንዴት እንደሚረሳ ያውቃል።

ምን እናድርግ?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንድ ቤት ብቻውን የማይወጣውን ማኅበር ይወጣዋል። ስለሆነም ለዩኒየኑ፣ ለመሠረታዊ ማኅበራትና ለወረዳችን ኃላፊዎች የሚከተሉትን አሳቦች በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የጋራ ጥበቃ። አሥር ጎረቤቶች በጎቻቸውን አንድ ላይ አሰማርተው ለአቅመ ጥበቃ በደረሰ አዋቂ ሰው በተራ ቢያስጠብቁ፣ እያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው በአሥር ቀን አንድ ቀን ብቻ ነው። አሥር ልጆች ግን በየቀኑ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ለእኒያ አባት ጥያቄ ያለኝ መልስ ይህ ነው፤ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል፣ ብቻዎን ግን አይቻልም።

ሁለተኛ፣ መኖ። በጎች ወደ ጥብቁ ደን መግባት የለባቸውም። ከባዮስፌሩ 167,021 ሄክታር ውስጥ 27,733 ሄክታሩ ከማንኛውም ሥራ የተከለለ ዋና ክልል ነው። ጨቅላ የቡና ችግኝ ወዳለበትም በግ ሲገባ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ በማሳ ዳርና በእርከን ላይ ደሾና ዝሆኔ ሣር፣ በአጥር ዙሪያም ሰስባኒያና የእርግብ አተር ብንተክል አፈሩም ይያዛል፣ በጉም ይጠግባል። ያረገዘች በግ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ጥሩ መኖ ካገኘች ግልገሏ ጠንካራ ሆኖ ይወለዳል፤ ወተትም አታጣም። ዩኒየኑ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያመጣ ከጎኑ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ጨው ቢጨምር አባላት በደስታ ይገዛሉ።

ሦስተኛ፣ አውራ በግ። በየመሠረታዊ ማኅበሩ ቢያንስ ለአንድ መንደር የተመረጠ አውራ ከበዓል ገበያ በፊት ማኅበሩ ገዝቶ ያስቀር። ባለቤቱ የገበያውን ዋጋ ያገኛል፣ መንደሩም ዘሩን ያተርፋል።

አራተኛ፣ ክትባትና ሚዛን። የክትባት ቀን በማኅበሩ የዓመት ዕቅድ ውስጥ ይግባ። በጎችም በደላላ ግምት ሳይሆን በሚዛን ይሸጡ። ቡናን ያለ ሚዛን የማንሸጥ ሰዎች፣ በግን በዓይን ለምን እንሸጣለን?

አምስተኛ፣ የመረዳጃ ተቀማጭ። በሬ እግሩ ሲሰበር ጎረቤት ሥጋውን ተከፋፍሎ ገንዘቡን ለባለቤቱ የሚያዋጣበት ደግ ባህል አለን። በዚያው መንፈስ ከተሸጠ በግ ሁሉ ጥቂት ብር ወደ ጋራ ሣጥን ቢገባ፣ አውሬ ወይም በሽታ በረቱን ያራቆተበት አባል በርቢ ሳይሆን በራሱ በግ እንደገና ይጀምራል። በሣጥኑ ኮሚቴ ውስጥም እናቶች በቁጥር ብቻ ሳይሆን ቁልፍ ይዘው ይግቡ።

ለወረዳችን ኃላፊዎች የማቀርበው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በሪፖርት ቅጻችን ላይ ሁለት ዓምድ ይጨመር። አንዱ የተወለዱ ብቻ ሳይሆን ስድስት ወር የሞላቸው ግልገሎች ብዛት ይሁን። ሌላው በጋራ ጥበቃ ምክንያት ከትምህርት ያልቀሩ ልጆች ብዛት ይሁን። የሚቆጠር ነገር ይታሰብበታል፤ የማይቆጠር ግን ይረሳል።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤ ዩኒየኑን የመሠረቱ አባላት በአንድ ጆንያ ቡና ብቻቸውን ገበያ ቆመው ያዩትን ያውቃሉ። ተሰባስበው የተደራደሩ ዕለት ምን እንደተለወጠም ያውቃሉ። ቡናውን ያስከበረው ያ ኅብረት ወደ በረቱም ይግባ። ድካሙን ቤተሰቡ እንደተካፈለው ሁሉ ትርፉንም ቤተሰቡ ይካፈለው።

መጪው ዓመት ዝናቡ በልክ የሚዘንብበት፣ ግልገሉ የሚያድግበት፣ ልጆቻችን የሚማሩበት እንዲሆን እመኛለሁ።